ለሚስተር ዊልኪ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቶሮንቶ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ዳማ ላይ አስለቅሶ፣ በዚያው ሰበብ ትምህርት ቤት ድረስ ሽማግሌ የላከ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። ሻይ እጋብዘዋለሁ። ብዙ የምናወራው አለን፤ ደግሞም በዚህ ጉዳይ ብቻዬን መሆኔ አንዳንዴ ይከብደኛል።

ነገሩ የተጀመረው በክለብ ነው። ልጄ የምትማርበት የፓርክዴል ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ክለብ የሌለው ነገር የለም። ክፍል ሲያልቅ መዝፈን የሚወድ ወደ ዘፈን ክለብ፣ ሹራብ የሚሠራ ወደ ሹራብ ክለብ ይሄዳል። የትል ክለብም አለ። አልቀለድኩም፤ ልጆቹ የሙዝ ልጣጭ እያበሉ ትል ያረባሉ፤ ለትሎቹም ስም አውጥተውላቸዋል። እኔ ጉለሌ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የነበረው ሚኒ ሚዲያ ብቻ ነበር። አባል ነበርኩ። ድርሻዬ ድምፅ ማጉያውን ከዕቃ ቤት ተሸክሞ ማውጣትና ተሸክሞ መመለስ ሲሆን፣ አንድም ቀን በማይኩ ሳልናገር ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ምናልባት ያኔ ሳልናገር የቀረሁት ሁሉ ተጠራቅሞ ይሆናል በኋላ ጉድ ያፈላው።

ልጄ ማክዳ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤት ውስጥ ስትሆን ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብብናል፤ ሰው ፊት ስትሆን ግን ድምጿ ይጠፋል። አስተማሪዎቿ በየዓመቱ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ጎበዝ ናት፣ ግን አትናገርም። አማርኛማ ጭራሽ! ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ማክዳዬ፣ ነይ ወዲህ!» ብዬ ከተጣራሁ የጃኬቷን ቆብ እስከ ቅንድቧ ስባ «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ኖት ሂር» ትለኛለች። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደ ሌባ በጥቅሻ እጠራት ጀመር።

አራተኛ ክፍል ስትገባ ቼከርስ ክለብ ተመዘገበች። ቼከርስ የሚሉት ያው የእኛው ዳማ ነው፤ ሕጉ ትንሽ ይለያል፣ ቆርኪም የለውም። በመጀመሪያው አርብ ከክለቡ ስትወጣ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምራ ሊፍት ውስጥ እስክንገባ ድረስ አፏ አልተዘጋም። ማንን እንዳሸነፈች፣ ማን ቀጥሎ እንደሚገጥማት፣ ኢታን የሚባለው ትንሹ ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ስሟን አስተካክሎ እንደጠራት ነገረችኝ። ሚስቴ ገነት አቀፈቻትና ወደ ማድ ቤት ዞራ እንባዋን ጠረገች። የክለቡ አስተማሪ ሚስተር ዊልኪ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በጸደይ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር በሚደረገው ውድድር ማክዳን እንደሚያሰልፋት ነገረን። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያበላሸሁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ሚስተር ዊልኪ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የታመመ ሰው አጠገብ ያለ የሚመስል ለስላሳ ሰው ነው። አንድ ቀን በር ላይ አገኘኝና ክለቡን የሚያግዝ ወላጅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ማለዳ ገብቼ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። ጊዜ አለኝ። ከጊዜውም በላይ አፍ አለኝ፤ ማክዳን ከዚያ በፊት «አባትሽ እኮ ጉለሌ ውስጥ የዳማ ንጉሥ ነበር» ብያታለሁ። ስለዚህ ሰውየው ሳይጨርስ «እሺ» አልኩ።

አርብ ስገባ ልጆቹ ትንንሽ ወንበሮቻቸው ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ጸጥታው ለቅሶ ቤት ያሰኛል። አንዱ ሌላውን ሲበላው «ሶሪ» ይለዋል፤ የተበላው ደግሞ «ኢትስ ኦኬ» ይላል። ሲያልቅ ይጨባበጣሉ፤ ያሸነፈም የተሸነፈም ስቲከር ይለጠፍለታል። በእውነት አዘንኩላቸው። ዳማ ያየ ሰው ያውቃል፤ ግማሹ በእጅ ነው፣ ግማሹ በአፍ። ጠጠሩን ስታስቀምጥ ሰሌዳው መጮህ አለበት። የባላጋራህን ጤና ትጠይቃለህ፣ ስለ ቤተሰቡ ታዝናለህ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ታጣራለህ። ዝም ብሎ የሚጫወት ሰው ሰፈራችን ውስጥ ካለ ወይ ታሟል ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች።

ስለዚህ ላስተምራቸው ወሰንኩ። ኢታን ፊት ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ጠጠሬን ጧ! አድርጌ አስቀመጥኩና በእንግሊዝኛ «ምነው ላብ አላበህ? መስኮት ልክፈትልህ?» አልኩት።

«ኖ ታንክ ዩ፣ ደህና ነኝ» አለኝ በትሕትና።

ይህ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሞቅ ብሎኛል። ሁለት ጠጠር በአንዴ በላሁበት። ጧ! ሦስተኛውን በላሁ። ጧ! ከዚያ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ የሰፈራችንን የመጨረሻ ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለቀቅሁበት፤ «አለቀልህ! ሂድ፣ እናትህን ጥራ!»

ኢታን ጠጠሩን አስቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያም የታዘዘውን የሚፈጽም ልጅ ነውና ተነሥቶ ወደ ቢሮ ሄደና እያለቀሰ እናቱ ጋ አስደወለ።

እናትየው ከሥራዋ ላይ ተነሥታ፣ የሥራ ቦታ ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። ሚስተር ዊልኪ ኮሪደር ላይ አነጋገራት። እኔ ጠጠር እየለቀምኩ ማክዳን ፈለግኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ቆቧን አገጯ ድረስ ስባ፣ ገመዱን አጥብቃ አስራዋለች። ከፊቷ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበር።

ስንወጣ ሚስተር ዊልኪ እጄን ጨብጦ «ስላደረግህልን እገዛ በጣም እናመሰግናለን። ለዚህ ተርም በቂ ሰው አለን፤ ካስፈለግኸን ኮል እናደርግልሃለን» አለኝ። ቤት ገብቼ ለገነት በኩራት ነገርኳት። እሷ ዴይኬር፣ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስለምትሠራ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች።

«ሰውዬ» አለችኝ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ፣ «ተባረሃል።»

«እንዴት? እያመሰገነኝ?»

«በጣም አመሰገነህ?»

«በጣም።»

«በቃ፣ በጣም ነው የተባረርከው።»

የእኔ መባረርስ ይሁን። በሚቀጥለው አርብ ማክዳ ወደ ክለብ አልሄድም አለች። ለምን ብንላት «አይ ጀስት ዶንት ዋንት ቱ» ብቻ። በሳምንቱም አልሄደችም። ከትምህርት ቤት ስንመጣ ስለማንም አታወራም። ሊፍት ውስጥ ቁጥሮቹ ሲበሩ ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ልጄ ዳግመኛ ዝም አለች፤ ዝም ያሰኘኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አሰብኩ አሰብኩና ከሥሩ ያለው የሚስተር ዊልኪ ቅያሜ ነው አልኩ። እሱ ይቅር ካለኝ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ትመለሳለች። ገነት «ታዲያ ሄደህ ሶሪ አትለውም?» አለችኝ። ሶሪ! እዚህ አገር እኮ እግሩን የረገጥከው ሰው ነው ሶሪ የሚልህ። በየስትሪትካሩ፣ በየከተማው ባቡር ላይ እንዲሁ የሚበተን ቃል ይዤ የልጄን ጉዳይ ልጨርስ? የከበደ ነገር ሲመጣ የሚደረገው ይታወቃል። ሽማግሌ ይላካል።

«ሚስተር ዊልኪን ልታገባው ነው?» አለች ገነት።

 ጋሽ ምትኩ ጋ ወረድኩ። ጋሽ ምትኩ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ ሽማግሌ ናቸው። በሰፈራቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት አልነበረም። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ግን የተጣላ ሁሉ ጠበቃ ጋ ስለሚሄድ ሥራ ፈትተዋል። ጉዳዬን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«ሰውየው ተቀይሟል?»

«እያመሰገነ ነው ያሰናበተኝ።»

«ኡኡ! ክፉኛ ነዋ የተቀየመው!» አሉና ባርኔጣቸውን ፍለጋ ተነሡ። እንደ ደንቡማ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ከኋላ መከተል እንደነበረብኝ ጨምረው ነገሩኝ። ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት ድንጋይ ይዞ የሚገባ አባት ምን እንደሚደርስበት ሳስረዳቸው «እንግዲያው የልጂቱን ቦርሳ ተሸከም» አሉኝ። የማክዳን ቦርሳ አንስታችሁ የምታውቁ ቢሆን ቅጣቱ እንዳልተቀነሰልኝ ይገባችሁ ነበር።

ሁለተኛው ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ወንድም ያዕቆብ ሆነ፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ አስተርጓሚም ነው። ሦስተኛ ሰው ጠፋ። አርብ በሥራ ሰዓት ማን ይገኛል? በመጨረሻ ጋሽ ምትኩ ሕንጻው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉትን ጓደኛቸውን ይዘው መጡ። ሰውየው ቲቤታዊ ናቸው። አማርኛ አያውቁም፣ እንግሊዝኛቸውም እንደ ጋሽ ምትኩ ነው፣ ማለትም የለም። ሁለቱ ግን ለዓመታት አብረው ሲስቁ አያለሁ። «ቋንቋ ለምኑ ነው? ሽበታቸው በቂ ነው» አሉ ጋሽ ምትኩ። እውነትም ሽበታቸው ያስከብራል።

አርብ ትምህርት እንዳለቀ ገባን። ጋሽ ምትኩ በሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ወንድም ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዟል፤ ቲቤታዊው አባት መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። እኔ ከኋላ፣ ሮዝ ቦርሳ በትከሻዬ። የማክዳን እጅ ይዣለሁ፤ እሷ ደግሞ ቆቧን ይዛለች። ለምን እንደመጣን አልነገርኳትም፤ ብነግራት ኖሮ በመስኮት ትወጣ ነበር።

የቢሮዋ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችንና «የትኛውን ልጅ ልትወስዱ ነው?» አለች።

«ልጅ አንወስድም» አለ ወንድም ያዕቆብ ግርማ ባለው ድምፅ። «የመጣነው ለሰላም ነው።»

የሴትዮዋ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁ። ደግነቱ እኔን ታውቀኛለች፤ እናቱን ያስጠራሁት ልጅ ከእሷ ስልክ ነው የደወለው። ተነፈሰችና የእንግዳ ስቲከር ሰጠችን። ጋሽ ምትኩ ጋቢያቸው ላይ እንደ ኒሻን ለጠፉት። ለሰላምታ ብለው የያዙትን የኦቾሎኒ ቆሎ ግን ስታይ ቦምብ ያገኘች ያህል በጓንት ተቀበለቻቸው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ስላለ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ክልክል ነው። ጋሽ ምትኩ ቆሏቸውን ተነጥቀው፣ በዚህም ሳይቀየሙ፣ ወደ ክለቡ ገቡ።

ልጆቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። ሚስተር ዊልኪ ደንግጦ ተነሣና ያሉትን ትንንሽ ወንበሮች ሳበላቸው። ሦስቱም አልተቀመጡም። ለእርቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ይህን ሚስተር ዊልኪ ከየት ይወቅ? ወንበሩ አንሷቸው መስሎት የራሱን አመጣ። አልተቀመጡም። ምንጣፍ አነጠፈ። ጋሽ ምትኩ ምንጣፉን በአክብሮት አዩና ንግግራቸውን ጀመሩ።

መጀመሪያ የሚስተር ዊልኪን ጤና ጠየቁ፤ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የወንድም የእህቱን፣ የዘንድሮውን ብርድ እንዴት እንደከረሙት። ከዚያ ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ካናዳን መረቁ፣ የመምህርን ክብር አነሡ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ወንድም ያዕቆብ «ሃሎ ይላሉ» ብሎ ተረጎመ።

ቀጠሉ። «ይህ ልጃችን ጥፋተኛ ነው። አፉን የማይገታ ነው። ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር።» ጋሽ ምትኩ እኔን ያወቁኝ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ራሴ መመለጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ወንድም ያዕቆብ ይህቺን ክፍል አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎማት፤ እንዲያውም ትንሽ ሳይጨምርባት አልቀረም። ቲቤታዊው አባት በየመሐሉ ወደ እኔ እያዩ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሚስተር ዊልኪ ግራ ገባው። «ግን እኔ ምንም አልተቀየምኩም» አለ።

ጋሽ ምትኩ ትርጉሙን ሲሰሙ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ሰማህ? ልቡ ቆስሏል» አሉኝ። ተሳስተዋል እንዳልል እኔም የማውቀው የተቀየመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ልመናውን አጠበቁ። ሰውየው አሁንም «በእውነት፣ ደህና ነኝ» አለ። ባሰ! ወንድም ያዕቆብ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። ሚስተር ዊልኪ እንደ ቲማቲም ቀላ። መሐል ላይ ኢታን እጁን አወጣ።

«ያ ሰውዬ ተመልሶ ሊጫወት ነው?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። «አሁን እኮ ሁላችንም ነን የምንለው። በዕረፍት ሰዓት፣ ሪሰስ ላይ። ጎ ኮል ዩር ማዘር!» ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። የኢታን ጥርሶች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል።

«ኢታን ለቅሶውን በማግስቱ ረስቶታል» አለ ሚስተር ዊልኪ፤ ከዚያ ወደ በሩ አየ። «የጎደለችብኝ ማክዳ ናት።»

ወንድም ያዕቆብ ተረጎመ። ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማክዳ በሩ ላይ ቆቧን ስባ ቆማለች። «ለካ በተሳሳተ በር ነው የቆምነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ሦስቱም ዞሩና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት እጅ ነሥተው ቆሙ። ቲቤታዊው አባት ማንም ሳይነግራቸው ከሁሉም ዝቅ ብለው ነው የነሡት።  ዕድሜ ልኬን ስለ ሰው ቅያሜ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ ያለችውን ተቀያሚ አልቆጠርኳትም ነበር።

«ልጄ፣ በአባትሽ ተቀይመሻል?» አሏት ጋሽ ምትኩ።

«ኖ» አለች ማክዳ ከቆቧ ውስጥ። «አይም ፋይን።»

«አያችሁ!» አሉ ጋሽ ምትኩ ወደ ሁላችንም ዞረው። «ተቀይማለች!»

ማክዳ ሳቋ አመለጣት። ትንሽ ነበር፣ ግን ሰማሁት። «እንዴት ይካስሽ?» ሲሏት ለወንድም ያዕቆብ ጆሮ አንሾካሾከች። እሱም እንደ ዳኛ ቆሞ አነበበው፤ «ይግጠመኝ፤ ግን አፉን ዘግቶ።»

ቦርሳዋን አወረድኩና ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከበቡን። እዚህ ላይ አንዳንድ ጨዋ አንባቢ «አባት ነውና ሆን ብሎ ተሸነፈላት» ማለቱ አይቀርም። እግዜር ያክብርልኝ፤ ግን ውሸት ነው። ባለ በሌለ አቅሜ ነው የተጫወትኩት። የእኔ ዳማ ለካ አፌ ላይ ነበር፤ አፌ ሲዘጋ እጄ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ማክዳ ዝም ብላ ታያለች፣ ዝም ብላ ትበላለች። ላቤ መፍሰስ ጀመረ፤ መስኮት ልክፈትልህ የሚለኝ እንኳ አልነበረም።

የመጨረሻዋን ጠጠሬን ስትበላ ሰሌዳው ላይ ጧ! አደረገችው። ብድግ አለች። ቆቧ ወደ ኋላ ወደቀ። ከዚያ ያቺ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በጥቅሻ የምጠራት ልጅ፣ በሚስተር ዊልኪ፣ በኢታንና በክለቡ ሁሉ ፊት፣ ኮሪደር ድረስ በሚሰማ ጥርት ያለ አማርኛ ጮኸች፤

«አለቀልህ! ሂድ፣ እናትህን ጥራ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌዎቹም ጉዳያቸው ተፈጽሟልና ተቀመጡ፤ ያውም ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ። ጋሽ ምትኩን መልሶ ለማስነሣት ሚስተር ዊልኪና እኔ ግራና ቀኝ መያዝ ነበረብን።

ቅዳሜ ጠዋት የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። የስልክ ካርድ ፍቄ ጉለሌ እናቴ ጋ ደወልኩ። ማክዳ አጠገቤ ቁርሷን ትበላለች።

«እማዬ፣ የልጅ ልጅሽ ዳማ አሸነፈችኝ» አልኳት።

«እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!» አለች እናቴ እልል እያለች። «ሆን ብለህ ነው?»

«ኧረ በሐቅ ነው።»

«እሱስ እውነትህን ነው፤ አንተ ደግሞ መቼ ማንን አሸንፈህ ታውቃለህ? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አይደል እንዴ ‹ሂድ እናትህን ጥራ› እያለ ሲያባርርህ የነበረው? እያለቀስክ መጥተህ ቀሚሴን ስትጎትት፣ ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ እየወጣሁ...»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝኩት። ማክዳ ማንኪያዋን አስቀምጣ እየተንፈቀፈቀች ነበር። ለካ ገና ስደውል ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋዋለች።